የጥልቅ ጉድጓድ የፓምፕ ሙከራ እንዴት ይካሄዳል?

በእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ 200 ወይም 300 ሜትር ወርዶ የተቆፈረ ጉድጓድ በመጀመሪያው ቀን ብዙ ውኃ ስለሰጠ ብቻ ያዛልቃል ማለት አይቻልም፤ በስንጥቆች ውስጥ ተጠራቅሞ የቆየ፣ ተተኪው ግን አነስተኛ የሆነ ውኃም ለጊዜው በኃይል ሊወጣ ይችላልና። ስለዚህ ጉድጓዱን ከመረከብ በፊት መታየት ያለበት የውኃው ወለል ሲሳብ እንዴት እንደሚወርድና ሲያርፍ እንዴት እንደሚመለስ ነው።

በመጀመሪያ ውኃው እንደረጋ የወለሉን ጥልቀት ከኬሲንጉ (ጉድጓዱን ከሚደግፈው ቱቦ) አፍ ጀምረው በዲፕ ሜትር፣ ማለትም ውኃ ሲነካ ምልክት በሚሰጥ የመለኪያ ገመድ፣ ይለኩ። የሚወጣው ውኃ ተመልሶ እንዳይሰርግ በቱቦ ራቅ ተደርጎ ይፍሰስ፤ በአቅራቢያ ያሉ ጉድጓዶችም በሙከራው ጊዜ ባይሳቡ ይመረጣል።

ቀጥሎ መጠኑን ደረጃ በደረጃ እየጨመሩ በመሳብ የጉድጓዱን አቅም ይገምቱ፤ ወለሉ ወደ ቦታው ከተመለሰ በኋላ ዋናው ሙከራ ይጀመራል። በዚህ ጊዜ ፓምፑ መጠኑን ሳይለውጥ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ይሠራል። መጠኑን በበርሜል መለካት ይቻላል፦ 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል በ20 ሰከንድ ከሞላ ጉድጓዱ በሰከንድ 10 ሊትር እየሰጠ ነው። ወለሉ በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች በየደቂቃው፣ ከዚያም ክፍተቱ እየሰፋ በመጨረሻ በየሰዓቱ ይለካል። ጄኔሬተሩ መሐል ላይ ከቆመ ንባቡ ስለሚበላሽ በቂ ነዳጅ አስቀድሞ መዘጋጀቱ ግድ ነው።

ንባቡን በጊዜው በኩል ከ10 እስከ 100 እና ከ100 እስከ 1,000 ደቂቃ ያለው ርቀት እኩል በሆነበት፣ በወለሉ በኩል ግን ተራ መለኪያ ባለው ከፊል ሎጋሪዝም ወረቀት ላይ ያስፍሩ። የከርሰ ምድር ውኃ ተመራማሪዎቹ ኩፐርና ጃኮብ እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተሙት ዘዴ መሠረት፣ አለቱ ወጥና ሰፊ ከሆነ ነጥቦቹ ከጊዜ በኋላ ቀጥ ያለ መስመር ይሠራሉ። ከሙከራው ሁሉ ትልቁ ትምህርት የሚገኘው መስመሩ ከሚታጠፍበት ቦታ ነው፦ ወደ ታች በይበልጥ ካዘቀዘቀ ውኃ አዘሉ አለት ውኃ በማያሳልፍ አለት ወይም ስብራት መታጠሩን ሊያመለክት ይችላል፤ ከተኛ ደግሞ ከወንዝ ወይም ከሌላ የአለት ንብርብር ውኃ እየገባለት ሊሆን ይችላል።

ፓምፑ ከመጥፋቱ በፊት ናሙና ለላቦራቶሪ ይወሰድ። በስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ ከዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ፣ ማለትም በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም፣ በልጦ የሚገኝባቸው ጉድጓዶች ብዙ ናቸው።

ፓምፑ እንደጠፋ የወለሉ አመላለስ ልክ እንደ መጀመሪያው በየደቂቃው ይመዝገብ። ፓምፑ የሚፈጥረው መናወጥ ስለሌለ ይህን ንባብ ከሁሉም አብልጬ አምነዋለሁ። ጉድጓዱ የተሳበበትን ያህል ጊዜ አርፎም ወለሉ ከቀድሞው ቦታ በብዙ ሜትር ዝቅ ብሎ ከቀረ፣ በየቀኑ የሚሳብበት ሰዓትና መጠን ተቀንሶ ሙከራው መደገም ይኖርበታል።