ዋና ሳይችሉ የኮራልን ዓለም ማየት፦ በኤይላት ባሕር ላይ በመስታወት ጀልባ

እስራኤል፣ ዮርዳኖስና ግብፅ በሚጎራበቱበት በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ የምትገኘው ኤይላት ከባሕር ዳርቻዋ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ የሚጀምር ሕያው የኮራል አለት አላት። ጠላቂ ወርዶ በቅርብ ያየዋል። ዋና የማይችል፣ ጉልበቱ የደከመ፣ ሕፃን የታቀፈ ወይም ጥልቅ ውሃ የሚፈራ ሰው ደግሞ ወለሉ ወይም የታችኛው ጎኑ መስታወት በሆነ ጀልባ ተሳፍሮ ልብሱን ሳያርስ ሊያየው ይችላል። ይሁን እንጂ ከዚህ ጉዞ የሚመለሱ ብዙ ሰዎች «ሰማያዊ ውሃና ጥቂት ዓሣ አየን» ብለው ያዝናሉ። ጉድለቱ አብዛኛውን ጊዜ የባሕሩ አይደለም፤ የሄዱበት ሰዓት፣ የተቀመጡበት ቦታ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በመስታወቱ ላይ ያረፈው ብርሃን ነው።

ይህን የተረዳሁት እናቴን ይዤ በሄድኩበት ቀን ነው። እናቴ ቀይ ባሕርን እስከ ዛሬ በመጽሐፍ ስሙ «የኤርትራ ባሕር» ብላ ነው የምትጠራው፤ ለዚያም ቀን ለክብሩ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ መጣች። በመስታወቱ ዳር ተቀምጣ ጎንበስ ብላ ጥቂት ከተመለከተች በኋላ ቀና አለችና «ልጄ፣ እኔ የማየው የራሴን ነጠላ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ ነጩ ጨርቅ በመስታወቱ ላይ እንደ ደመና ተዘርግቶ ነበር። ጥቁር ጃኬቴን አውልቄ የሁለታችንንም ራስ እንደ ድንኳን ሸፍኜ ፊታችንን ወደ መስታወቱ ስናስጠጋ፣ ያ ደመና በአንድ ጊዜ ተገፎ የባሕሩ ወለል ወለል ብሎ ታየን። ልክ ከሥራችን ብዙ ትንንሽ ነጣ ያሉ አበቦች የሚመስሉ ነገሮች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው እንደ ሕፃን መዳፍ ይከፈታሉ፣ ይጨበጣሉ፣ እንደገና ይከፈታሉ። እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ይተነፍሳል እኮ» አለች። ያየችው ዜኒያ ከሚባለው ቤተሰብ የሆነ ለስላሳ ኮራል ነበር፤ ያለማቋረጥ የሚከፈትና የሚጨበጥ በመሆኑ ከሌሎች ኮራሎች ሁሉ ይለያል፣ በኤይላት ባሕርም ይገኛል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ጥላ ነው። መስታወት ከታች የሚመጣውን ብርሃን ያሳልፋል፣ ከላይ የሚያርፍበትን ደግሞ በከፊል ወደ ዓይን ይመልሳል፤ ከላይ የሚያርፈው ሲበረታ ከታች ያለው ይሸነፋል። ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ሰማያዊ ልብስ ይልበሱ፤ ሰፋ ያለ ጥቁር ሻርፕ ወይም ጃኬት ይያዙ፤ ባይኖርዎት እንኳ ሁለት መዳፍዎን ከዓይንዎ ግራና ቀኝ አድርገው መስታወቱን ይጠጉ። ሁለተኛው ነገር አቅጣጫ ነው። ቀጥ ብለው ወደ ታች ሲመለከቱ የሚያዩት ጥርት ያለ ነው፤ ወደ ጎን አዘንብለው ሲመለከቱ ግን ነጸብራቁ ይጨምራል፣ ምስሉም ይጣመማል። ጎረቤትዎ ጋ ያለውን ዓሣ ለማየት ከመንጠራራት ዓሣው ወደ እርስዎ መስታወት እስኪመጣ ቢጠብቁ ይሻላል።

የጀልባው ዓይነትም ልዩነት አለው። በትንንሾቹ ጀልባዎች መስታወቱ በወለሉ መሐል ተገጥሞ ተሳፋሪው በዙሪያው ባሉ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ይቀመጣል፤ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ በዮርዳኖስ ዐቃባም ይህን የመሰሉ ጀልባዎች ከዳርቻው ይነሳሉ። በትልልቆቹ ደግሞ ከውሃው በታች ወደ ሆነው ክፍል በደረጃ ይወረድና በግራና በቀኝ በተደረደሩ መስኮቶች ወደ ጎን ይታያል። የመጀመሪያው ለጥልቀት ይጠቅማል፣ ሁለተኛው ደግሞ የአለቱን ግድግዳና የዓሣውን መልክ በጎኑ ያሳያል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ዓሣ ከጀርባው ይልቅ ከጎኑ ሲታይ ነው ቀለሙ የሚለየው። ደረጃ መውረድ ለሚከብዳቸው አረጋውያን ግን ባለ መስታወት ወለሉ ይመቻል። ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት መስታወቱ ከውጭ በኩል በቅርቡ መጽዳቱን ይጠይቁ። አንድ ጊዜ ሳልጠይቅ የተሳፈርኩበት ጀልባ መስታወቱ በአረንጓዴ አልጌ ተሸፍኖና ተጫጭሮ ስለነበር፣ ሙሉውን ጉዞ በወተት ውስጥ እንደሚያይ ሰው ሆኜ ጨረስኩ። ጀልባው እስከ የት ድረስ እንደሚሄድና እዚያ ሲደርስ ሞተሩን አጥፍቶ ይቆም እንደሆነ መጠየቅም መልካም ነው፤ በውሃ ውስጥ ከሚገኘው የመመልከቻ ማማ አጠገብ «የጃፓን የአትክልት ቦታ» ተብሎ የሚጠራው ሥፍራ ኮራሉ እጅግ የተጠቀጠቀበት ስለሆነ እስከዚያ የሚዘልቅ ጉዞ ይምረጡ።

ሰዓትን በተመለከተ ሁለት ነገሮች ይጋጫሉ። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ብርሃኗ ወደ ውሃው ጠልቆ ይገባል፤ በሌላ በኩል በኤይላት አብዛኛውን ጊዜ የሚነፍሰው የሰሜን ነፋስ ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ስለሚበረታ ባሕሩን ያናውጠዋል። ሁለቱን የሚያስታርቀው ረፋዱ ነው፤ በእስራኤል ሰዓት ከ9 እስከ 11፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሳፈሩ። ከወቅቶች ሁሉ መጸው ለዚህ ጉዞ ይስማማል፤ ሙቀቱ ይበርዳል፣ ውሃውም ጥርት ያለ ነው። በእስራኤል ክረምት ማብቂያና በጸደይ መግቢያ ላይ፣ በእኛ የካቲትና መጋቢት አካባቢ፣ ግን የላይኛውና የታችኛው ውሃ ተቀላቅሎ ንጥረ ነገር ወደ ላይ ስለሚያወጣ አልጌ ይራባል፣ ውሃውም ይደፈርሳል። በአይሁድ ፋሲካና በዳስ በዓል ሰሞን ሰልፉ ረጅም ነው፤ አስቀድሞ ቦታ መያዝ ይበጃል።

ቦታ ሲይዙ የከተማይቱን አቀማመጥ ያስቡ። ኮራሉ በምዕራባዊው ዳርቻ ነው፤ ጀልባው ደግሞ ከሰሜን ተነስቶ ወደ ደቡብ፣ በግብፅ ድንበር ወዳለችው ወደ ታባ አቅጣጫ ይጓዛል። ስለዚህ በሄዱበት ጊዜ አለቱ በቀኝዎ፣ ሲመለሱ በግራዎ ይሆናል። ጥሩ ካፒቴን ለሁሉም እንዲደርስ ጀልባውን አዙሮ ያቆማል፤ እርስዎ ግን በመጀመሪያው መንገድ በስተቀኝ ቢቀመጡ አይጎዱም።

አሁን ወደሚታየው እንምጣ። ከሁሉ አስቀድሞ ኮራል ድንጋይም ተክልም አለመሆኑን ይወቁ፤ እንስሳ ነው። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ወይም ክብ ጉብታ ፖሊፕ የሚባሉ እልፍ ትንንሽ ፍጥረታት በኅብረት የሚኖሩበት ከተማ ነው። ከሥራቸው የኖራ ድንጋይ እየገነቡ ያድጋሉ፤ በሥጋቸው ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ከፀሐይ ብርሃን ምግብ እየሠሩ ያካፍሏቸዋል፣ አብዛኛውንም ቀለማቸውን ይሰጧቸዋል። እንደ ኳስ የተድቦለቦሉት ዓይነቶች በዓመት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ብቻ ስለሚያድጉ፣ በመስታወቱ ሥር የሚያልፈው አንድ ሜትር ስፋት ያለው ጉብታ ከእርስዎ አያት ዕድሜ በላይ ሊሆን ይችላል። ይህን ካወቁ በኋላ ዓይንዎ በዓሣው ላይ ብቻ አይሮጥም።

ዓሣን ለማየት ደግሞ ማሳደድ አያስፈልግም። ጀልባው ሲቆም አንድ የኮራል ጉብታ ይምረጡና ሁለት ደቂቃ ሙሉ እሱን ብቻ ይመልከቱ። ከጉብታው በላይ እንደ ንብ መንጋ የሚንሳፈፉት ትንንሽ ብርቱካናማ ዓሦች አንቲያስ ይባላሉ። ሁሉም ሴት ሆነው ያድጋሉ፤ መንጋውን የሚመራው ተለቅ ያለ ሐምራዊ ወንድ ሲሞት ከሴቶቹ አንዷ ወደ ወንድነት ትለወጣለች። ጥቂት ዝቅ ብሎ የሚናደፉ ክንዶቹን እንደ ሣር በሚያወዛውዘው፣ አኔሞን በተባለው የባሕር እንስሳ መካከል የሚኖረው፣ ሁለት ነጭ መቀነት የታጠቀው ዓሣ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ እዚያ ቤት አለቃዋ ሴቷ ናት፣ እሷ ስትሞት ባሏ ሴት ይሆንና ቦታዋን ይይዛል። ይህ ዓሣ ከአኔሞኑ ስለማይርቅ ቢደበቅብዎት እንኳ ተመልሶ ብቅ ይላል። ሁለት ሁለት ሆነው የሚዞሩ ቢጫ የቢራቢሮ ዓሦች፣ አለቱን በመንቁሩ የሚገዘግዘው የበቀቀን ዓሣም አይጠፉም። የበቀቀን ዓሣ ሲያልፍ ከኋላው ነጭ ብናኝ ሲለቅ ካዩ፣ ያ የበላው ኮራል ተፈጭቶ አሸዋ ሆኖ መውጣቱ ነው። አንበሳ ዓሣን የሚፈልግ ሰው ቀን ቀን ከአለቱ ጥላ ሥር ስለሚያርፍ ጥቁር ጥቁሩን ይመልከት። የባሕር ኤሊ ግን ለመተንፈስ ወደ ላይ ስለሚወጣ ከቤተሰቡ አንዱ በላይኛው ፎቅ ሆኖ የውሃውን ገጽ ቢጠብቅ ዕድሉ ይሰፋል። ረጅም እሾህ ያለው ጥቁር የባሕር ጃርት ቀድሞ በየጉድጓዱ ይታይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በባሕረ ሰላጤው የተዛመተ በሽታ ፈጅቶታል። ኮራሉን ሊያለብስ የሚችለውን አልጌ የሚበላ ፍጥረት ስለነበር ጉዳቱ ለአለቱም ተርፏል።

ስለ ርቀትና ስለ ቀለም ዓይንዎን ሙሉ በሙሉ አይመኑ። ውሃ ብርሃንን ስለሚሰብር ቀጥ ብለው ወደ ታች የሚያዩት ነገር ከእውነተኛ ጥልቀቱ ሦስት አራተኛ ያህል ላይ ያለ መስሎ ይታያል፤ አራት ሜትር ላይ ያለው ሦስት ሜትር ላይ ይመስላል፣ ስለዚህም ከሚጠበቀው በላይ ትልቅ ይመስላል። ከብርሃን ቀለማት ደግሞ ቀዩ ቀድሞ በውሃው ይዋጣል። ጥልቀቱ በጨመረ ቁጥር ቀይ ኮራል ግራጫ መስሎ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው፤ እውነተኛ ቀለም የፈለገ ሰው ጀልባው ጥልቀት በሌለው ሥፍራ ላይ ሲያልፍ በተለይ ይንቃ።

ፎቶ ለማንሳት የስልክዎን ካሜራ ከመስታወቱ ጋር ያጣብቁት፤ በመካከላቸው ክፍተት ካለ የራስዎን ጣቶች ነው የሚያነሱት። ፍላሽ መጥፋት አለበት፤ መስታወቱ ላይ ነጥሮ ሁሉን ነጭ ያደርገዋልና። እኔ ከፎቶ ይልቅ ቪዲዮ እመርጣለሁ፣ ያ የሚተነፍሰው ኮራል በቆመ ምስል አይገባም።

ጎንበስ ብሎ የሚንቀሳቀስ ወለል ማየት ጭንቅላትን ያዞራል፤ ባሕሩ ጸጥ ባለበት ቀን እንኳ ያቅለሸልሻል። ጆሮ መንቀሳቀሱን ሲናገር ዓይን በአቅራቢያው ባለው ነገር ስለሚታለል ነው። ቀለል ያለ ቁርስ ይብሉ፣ ዝንጅብል ይያዙ፣ ከጀልባው መሐል ይቀመጡ፤ በየጥቂት ደቂቃው ቀና ብለው የኤዶምን ተራሮች ወይም የአድማሱን መስመር ይመልከቱ። ማስመለስን የሚከላከል መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከተሳፈረ በኋላ ሳይሆን ቀደም ብሎ ይውሰድ። ሕፃናትን በተመለከተ ብቸኛው ማሳሰቢያዬ መስታወቱን በቁልፍ ወይም በአሻንጉሊት እንዳይመቱ ነው።

የዚህ ባሕረ ሰላጤ ኮራል በዓለም ላይ የተለየ ተስፋ ተጥሎበታል። በሌሎች ባሕሮች ውሃው ሲሞቅ ኮራሉ በውስጡ ያሉትን አልጌዎች ያባርርና ነጭ ይሆናል፣ ሊሞትም ይችላል፤ ተመራማሪው ማኦዝ ፋይንና ባልደረቦቹ ባደረጉት ምርምር ግን የኤይላቱ ከለመደው የበጋ ሙቀት በብዙ ዲግሪ የላቀ ሙቀት ሲቋቋም ታይቷል። የሚሰጡት ማብራሪያ ከበረዶው ዘመን በኋላ ኮራሉ በባብ ኤል ማንደብ በኩል ገብቶ ሞቃቱን ደቡባዊ ቀይ ባሕር እያቋረጠ ወደ ሰሜን ሲዘልቅ፣ ሙቀትን የማይችለው በመንገድ ቀርቶ የሚችለው ብቻ ደረሰ የሚል ነው። ሙቀትን መቻል ግን ከሁሉም አደጋ አያድንም። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 የተነሳው የደቡብ ማዕበል አለቱን ክፉኛ ሰባብሮታል፤ ፍሳሽ፣ ነዳጅና መልሕቅም ይጎዱታል። ስለዚህ ከጀልባ ላይ ለዓሣ ዳቦ አይጣሉ፤ ነፋስ ወደ ባሕሩ ሊወስደው የሚችል ፕላስቲክ ከረጢት አይያዙ፤ በዳርቻው ወድቆ የሚያገኙትን የኮራል ስባሪ፣ ቢሞትም፣ ለማስታወሻ አያንሱ። ይህ በእስራኤል ሕግም የተከለከለ ነው።

ነፋሱ በርትቶ ጀልባው ካልወጣ ትኬቱ ወደ ሌላ ቀን እንዲዛወርልዎ ይጠይቁና ቀኑን በመመልከቻው ማማ ያሳልፉት። ከባሕሩ ወለል ላይ የተተከለ በመሆኑ አይወዛወዝም፤ በጠመዝማዛ ደረጃ ወደ ታች ወርደው በዙሪያው ባሉት መስኮቶች ያንኑ አለት ያያሉ። ውስጡ ጨለም ያለ ስለሆነ እዚያ ነጭ ነጠላ መልበስ ይችላሉ።