የጊታር አንገት እንጨት መድረቁን በሚዛን ማወቅ

ደብረ ብርሃን ላይ በቤትዎ የኤሌክትሪክ ጊታር የሚሠሩ ከሆነ፣ ለአንገቱ የመረጡት የዋንዛ ጣውላ በሚገባ ሳይደርቅ ከተጠረበ ውሎ አድሮ ይጣመማል፤ ክሮቹም ፍሬቶቹን (አንገቱ ላይ በአግድም የተደረደሩትን ቀጫጭን ብረቶች) እየነኩ ያልተፈለገ ድምፅ ያሰማሉ። የጣውላ ነጋዴ «ደርቋል» ማለቱ ብዙም አያስተማምንም። ስለዚህ ጣውላውን ከመጨረሻው ልኩ ጥቂት አትርፈው ይቁረጡ፤ ውኃ በጫፎቹ በኩል ፈጥኖ ሲወጣ እንጨቱን ስለሚሰነጥቀው ሁለቱን ጫፎች በቀለጠ ሻማ ይቀቡ፤ ከዚያም በየሳምንቱ በወጥ ቤት ሚዛን እየመዘኑ ግራሙን እዚያው እንጨቱ ላይ በእርሳስ ይጻፉ። የሚቀንሰው ክብደት የሚተነው ውኃ በመሆኑ፣ ቁጥሩ ለ3 ሳምንታት ያህል ሳይለወጥ ከቆየ እንጨቱ ከቤቱ አየር ጋር ተመጣጥኗል ማለት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ግን ቁጥሩ ቢረጋም አይጥረቡት፤ የክረምቱን እርጥበት ይዞ የረጋ እንጨት በበጋ እንደገና ይኮማተራል።