«ጉበት የሚያጥብ ነገር አለሽ?»

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ባለች ትንሽ ፋርማሲ እሠራለሁ። ይህን ጥያቄ ሳልሰማ የማልፈው ሳምንት የለም። ድሮ ሰው የሚጠይቀው ስለ ሰንሰል ቅጠል ነበር። አሁን ዩቲዩብ ደርሶልናል፤ ጥያቄው «አንቲኦክሲደንት» ሆኗል፤ ሴልን ከጉዳት ይጠብቃል የሚባለው ነገር፣ እንደ ቫይታሚን ኢ ያለው።

በዚህ ጉዳይ የማያቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ። የመጀመሪያው የራሴ ነው። አንድ ጋሼ መጡ። ዓይናቸው ቢጫ ነው። ክንዳቸው ላይ የጥፍር ሰንበር አለ፤ እያወሩኝም ማከክ አላቆሙም። «ልጄ፣ ያቺን ቫይታሚን ኢ ስጪኝ፤ ጉበት ታድሳለች አሉ» አሉኝ። ሰጠኋቸው። የሽንታቸውንና የሰገራቸውን ቀለም አልጠየቅኩም፤ አፍሬ ነው መሰለኝ። ከወር በኋላ ልጃቸው መጥታ ነገረችኝ፦ ለካ የሐሞት ጠጠር ሐሞትን ከጉበት ወደ አንጀት የሚያወርደውን ቧንቧ ዘግቶት ኖሯል።

እኛ ሰፈር ዓይን ቢጫ ከሆነ «የወፍ በሽታ» ነው፤ አለቀ። ግን ስሙ አንድ፣ መንስኤው ብዙ ነው። ቫይረስ ሊሆን ይችላል። ጠጠር፣ ዕጢ፣ አንዳንዴም ወደ ላይ የወጣ ወስፋት የሐሞት ቧንቧውን ዘግቶት ሊሆን ይችላል። ቧንቧው ሲዘጋ ሽንት እንደ ወፈረ ሻይ ይጠቁራል። ሰገራ ደግሞ እንደ ኖራ ይነጣል፤ ቀለሙን የሚሰጠው ሐሞት ነውና። እንዲህ ላለ ሰው ቶሎ አልትራሳውንድ ነው የሚያስፈልገው።

ሁለተኛው ስህተት የአይጥ ጥናት አይቶ ለራስ ማዘዝ ነው። ነገሩ መሠረት የለውም አልልም። መውጫ ያጣ ሐሞት ጉበት ውስጥ ይጠራቀማል። የሐሞት አሲዱ የሴሎቹን ኃይል ማመንጫ፣ ማይቶኮንድሪያን፣ ይጎዳል፤ ፍሪ ራዲካል የሚባሉት ሞለኪውሎችም ይበዙና ያገኙትን ያበላሻሉ። ተመራማሪዎች የአይጥ ሐሞት ቧንቧ በክር አስረው ሜላቶኒን፣ ሲሊማሪን፣ ኤን-አሴቲልሲስቴይን የተባሉ አንቲኦክሲደንቶችን ሰጥተው አይተዋል። በብዙ ሙከራዎች ጉዳቱ ቀንሷል። ግን አይጥ ናት። ሰው ላይ ቧንቧ መክፈትን የሚተካ አንቲኦክሲደንት የለም። ኤን-አሴቲልሲስቴይን ፓራሲታሞል ከመጠን በላይ የወሰደን ሰው ጉበት ያድናል፤ እሱ ግን ሌላ ጉዳት ነው።

ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ይገባዋል። ፍሳሹ ተደፍኖ እያለ ወለሉን ብትወለውል ውሃው ተመልሶ ይመጣል። የቧንቧ ጠጠር ብዙ ጊዜ በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቱቦ፣ በኢንዶስኮፒ፣ ይወጣል። ሌላም ከሆነ ስቴንት የምትባል ቀጭን ቱቦ ትገባለች፣ ወይም ቀዶ ሕክምና ይደረጋል።

ወደ ጋሼ ቫይታሚን ልመለስ። ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ በስብ የሚሟሙ ናቸው። አንጀት ስብን በደንብ እንዲወስድ ሐሞት ያስፈልገዋል። ሐሞቱ ካልወረደ የተዋጠችው ቫይታሚን አብዛኛዋ ከሰገራ ጋር ትወጣለች። በገንዘባቸው የገዙትን ሽንት ቤት ጣሉት ማለት ነው! ቫይታሚን ኬ ሲያንስ ደግሞ ደም ቶሎ አይረጋም፤ ድድ ይደማል። ለዚህ ነው ሐኪሞች ከቀዶ ሕክምና በፊት ኬን በመርፌ የሚሰጡት።

ከሁሉ የሚያናድደኝ የሕፃናቱ ነው። አራስ ቢጫ ሲሆን «ፀሐይ አሙቂው» ይባላል። የብዙዎቹ በራሱ ይለቃል። ሁለት ሳምንት አልፎም ቢጫ ከሆነ ግን ዳይፐሩን ክፈቺና የሰገራውን ቀለም እዪ። ከነጣ ፀሐይ ላይ ቀን አታባክኚ። የሐሞት ቧንቧው ከነጭራሹ ያልተሠራ ወይም የተደፈነ ሊሆን ይችላል። ጃፓናዊው ሐኪም ሞሪዮ ካሳይ የጀመሩት ቀዶ ሕክምና አለ፤ የተሻለ ውጤት የሚሰጠው ግን ሕፃኑ 60 ቀን ሳይሞላው ሲሠራ ነው። ባለፈው አንዲት እናት በዘጠነኛው ሳምንት ይዛ መጣች። «አያቱ ይለቀዋል ስላሉኝ ነው» አለችኝ። አያቱን ምን ትላቸዋለህ?

የመጨረሻው አጭር ነው። ቢጫ ዓይን፣ ከቀኝ ጎድን ሥር ሕመም፣ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት አንድ ላይ ከመጡ፣ የተዘጋው ቧንቧ ኢንፌክሽን ይዞ ሊሆን ይችላል። እስከ ነገ አይቆይም። እንዲህ ያለ ሰው መስኮቴ ላይ ሲቆም ምንም አልሸጥለትም፤ ራይድ ነው የምጠራለት።