የመኪናን ፍጥነት ከብርሃን ፍጥነት ጋር እንዴት እናሰላለን?

ከደሴ ተነሥቶ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሚኒባስ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ይጓዛል እንበል። ይህ ፍጥነት ከብርሃን ፍጥነት ምን ያህሉ እንደሆነ ለማወቅ አንድ ማካፈል ይበቃል፤ ማካፈሉ ትክክል የሚሆነው ግን ሁለቱም ፍጥነቶች በአንድ ዓይነት መለኪያ ሲጻፉ ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ፍጥነቱን ወደ ሜትር በሰከንድ ይለውጡ። አንድ ኪሎ ሜትር 1,000 ሜትር፣ አንድ ሰዓት ደግሞ 3,600 ሰከንድ ስለሆነ፣ በሰዓት ኪሎ ሜትር የተሰጠውን ቁጥር ለ3.6 ያካፍላሉ፤ 50 ለ3.6 ሲካፈል 13.9 ገደማ ይሆናል። ፍጥነቱ በማይል በሰዓት ከተሰጠ በ0.447፣ በአውሮፕላንና በመርከብ በሚሠራበት ኖት ከተሰጠ በ0.514 ያባዙ።

ቀጥሎ ያገኙትን ለብርሃን ፍጥነት ያካፍሉ። ብርሃን በባዶ ኅዋ በሰከንድ 299,792,458 ሜትር ይጓዛል። ይህ ቁጥር የተጠጋጋ አይደለም፤ ከ1983 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሜትር ርዝመት ራሱ የሚወሰነው በብርሃን ፍጥነት ስለሆነ ቁጥሩ ያለ አንዳች ትርፍና ጉድለት ልክ ነው። ለተራ ስሌት 300 ሚሊዮን ብሎ መያዝ ይቻላል፤ ልዩነቱ ከመቶ 0.07 ያህል ብቻ ነውና። «በባዶ ኅዋ» የሚለው ግን አይዘንጋ፤ ኢንተርኔት በሚያልፍበት የፋይበር መስመር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚጓዝ ያንን ቁጥር ለዚህ ስሌት መጠቀም አይገባም።

13.9 ለ300 ሚሊዮን ሲካፈል የስልክዎ ካልኩሌተር 4.63 ብሎ ከጎኑ አንድ የላቲን ፊደልና ከዜሮ በታች 8 ሊያሳይ ይችላል። ትርጉሙ ነጥቡን 8 ቤት ወደ ግራ ውሰድ ማለት ነው፤ ውጤቱም 0.0000000463 ነው።

እንዲህ ያለው ቁጥር ለዓይንም ለአእምሮም ስለሚያስቸግር ገልብጦ ማንበቡን እመርጣለሁ። 300 ሚሊዮንን ለ13.9 ሲያካፍሉ የብርሃን ፍጥነት የሚኒባሱ 21.6 ሚሊዮን እጥፍ ሆኖ ይገኛል። በደሴ ከተማ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር በእግሩ ለሚሄድ ሰው እጥፉ 216 ሚሊዮን፣ በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር ወደ ኮምቦልቻ ለሚበር አውሮፕላን ደግሞ 1.8 ሚሊዮን ነው። መለኪያው ሁልጊዜ ኪሎ ሜትር በሰዓት ከሆነ አቋራጭ አለ፤ 1,079 ሚሊዮንን በቀጥታ ለፍጥነቱ ማካፈል ነው።

ከዚህ በላይ አኃዝ መደርደር ግን ትክክል አይደለም። የመኪናው ፍጥነት መለኪያ 50ን ከ51 በወጉ ካልለየ፣ 21,585,057 ብሎ መጻፍ የሌለን እርግጠኝነት ማስመሰል ይሆናል።

ውጤቱ ለሌላ ስሌት የሚፈለግ ከሆነ አይገልብጡት። አንስታይን በ1905 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ መሠረት የሚንቀሳቀስ ሰዓት ምን ያህል እንደሚዘገይ ለማወቅ ያን ትንሽ ቁጥር በራሱ አባዝቶ ለሁለት ማካፈል ይበቃል፤ በግማሽ ሰዓት ጉዞ ውስጥ፣ ከፍጥነቱ የተነሣ ብቻ፣ በሚኒባሱ ያለ ሰዓት ወደ ኋላ የሚቀረው ከሰከንድ ሁለት ትሪሊዮንኛ ያህል ነው።