ራምን ስናፈጥን የፍጥነት ምጣኔውን እንዴት እንጠብቅ?

ራሙን ከ3600 ወደ 4000 አሳድጎ ጨዋታው ቀርፈፍ ሲልበት ግራ የሚጋባ ሰው ጥቂት አይደለም። ቁጥሩ ጨምሯል፤ ምጣኔው፣ ማለትም የራሙና የፕሮሰሰሩ ምት እኩል መሄድ፣ ግን ፈርሷል። ቀጥሎ ያለው አሠራር ዲዲአር4 ራም ለሚጠቀሙ የኤኤምዲ ራይዘን 3000 እና 5000 የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ነው።

በመጀመሪያ ማሸጊያው ላይ ያለውን ቁጥር ለሁለት ያካፍሉ። ዲዲአር ራም በአንድ ምት ሁለት ጊዜ መረጃ ስለሚያስተላልፍ፣ 3600 የተባለው በእውነቱ የሚመታው በ1800 ሜጋኸርዝ ነው። ሲፒዩ-ዚ የተባለው ፕሮግራም 1800 አካባቢ ቢያሳይዎ ግማሹ የት ገባ ብለው አይደንግጡ።

ከዚያ ሦስት ምቶችን ይለዩ፦ የራሙን፣ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለውን የራም መቆጣጠሪያ እና የፕሮሰሰሩን ክፍሎች የሚያገናኘውን ኢንፊኒቲ ፋብሪክ። ሦስቱ እኩል ሲመቱ መረጃው ሳይቆም ያልፋል። ራሙ 4000 ሲሆን ምቱ 2000 ይደርሳል፤ የብዙ ፕሮሰሰሮች ፋብሪክ ግን ከ1800 ወይም ከ1900 በላይ አይረጋም። ያኔ ማዘርቦርዱ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ መቆጣጠሪያውን በግማሽ ቀንሶ 1000 ላይ ያስቀምጠዋል። ፕሮሰሰሩ የጠየቀው መረጃ እስኪመጣ የሚጠብቀው ጊዜ ይረዝማል፤ ጨዋታን የሚጎዳውም ይኸው መጠበቅ ነው። ኢንቴል ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ ጊር 1 እና ጊር 2 የሚላቸውም በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆሙ ናቸው።

አሁን ወደ ባዮስ፣ ማለትም ወደ ማዘርቦርዱ መሠረታዊ ቅንብር፣ ይግቡ። ኤክስኤምፒን (ራሙ ላይ የተመዘገበውን ፍጥነት የሚያስነሣውን ምርጫ) ያብሩ፣ ራሙን 3600፣ ኤፍክሎክ የሚለውን (የፋብሪኩን ምት) 1800 ያድርጉ። ዩክሎክን (የመቆጣጠሪያውን ምት) ከኤምክሎክ (ከራሙ ምት) ጋር እኩል የሚያደርገውን ምርጫ በእጅዎ ይምረጡ፤ ለማዘርቦርዱ ፈቃድ አይተዉት።

ኮምፒውተሩ ከተነሣ ሜምቴስት86 የተባለውን የራም መፈተሻ ከፍተው ሌሊቱን ሲፈትሽ ይደር። አንዲት ስህተት ናት ብሎ ማለፍ የለም፤ ፋይል ሳይታወቅ የሚበላሸው በእንዲህ ዓይነቷ ነው። ስህተት ካገኙ ራሙን ወደ 3466፣ ኤፍክሎክን ወደ 1733 አብረው ያውርዱ። አንዱን ብቻ ማውረድ ምጣኔውን መልሶ ያፈርሰዋል። ጨርሶ አልነሣም ካለ ኤሌክትሪኩን ነቅለው፣ የማዘርቦርዱን መመሪያ ተከትለው የባዮሱን ቅንብር ወደ መነሻው ይመልሱ።

የመጨረሻው ሥራ ሲኤል የሚባለው የመዘግየት ቁጥር ነው። በ2000 አባዝተው ለራሙ ፍጥነት ሲያካፍሉት ውጤቱ በናኖሰከንድ ይወጣል። 3600 በሲኤል 18 ልክ 10 ናኖሰከንድ ነው፤ 3200 በሲኤል 16ም እንዲሁ 10። 3600ን በሲኤል 16 ማስኬድ ከቻሉ ወደ 8.9 ይወርዳል። ለእኔ ከ4000 ይልቅ ይህ ይበልጥብኛል። ቁጥሩን ባወረዱ ቁጥር ግን ፍተሻውን እንደገና ያስኬዱ።