ወደ ታጁራ በጀልባ ለምትወርዱ፦ ሻንጣችሁን ቤት ተዉት

ሰሞኑን ለገሃር አካባቢ ቡና ስንጠጣ አንድ ወዳጄ ጅቡቲ ወርዶ በሸራ ጀልባ ሙሻና ማስካሊ ደሴቶችን፣ ከዚያም የታጁራንና የኦቦክን ወደቦች ሊዞር መሆኑን አበሰረኝ። ከወንበሩ አጠገብ ተሽከርካሪ እግር ያለው ጠንካራ ሻንጣ ቆሟል፤ ገና መግዛቱ ነበር። ሳቄ መጣ፤ በመጀመሪያው ጉዞዬ እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

በትንሽ ጀልባ ላይ ቁም ሣጥን የለም። ዕቃ የሚቀመጠው ከመኝታው ሥር ባለች ጠባብ ቦታ ነው፤ ሲጫኑት የሚተጣጠፍ ከረጢት እንጂ ሻንጣ አይገባባትም። መርካቶ ሸራ ተራ ጎራ ብላችሁ ከሸራ አሰፉ። አፉ በገመድ የሚታሰር ይሁን፤ የእኔ ዚፕ በባሕሩ ጨው ተበልቶ በሦስተኛው ቀን አልከፈት ብሎኝ በቢላዋ ቀድጄዋለሁ። ፓስፖርታችሁን በሁለት ፌስታል ደራርባችሁ ጠቅልሉት።

ለእኛ ለደጋ ሰዎች ሌላው ፈተና ማቅለሽለሽ ነው። የማቅለሽለሽ መከላከያ ክኒን ሕመሙ አንዴ ከጀመረ በኋላ እምብዛም አይረዳም፤ ፋርማሲ ጠይቃችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ዋጡት። በባዶ ሆድ አትሳፈሩ። ሞገዱ ሲበረታ ብዙ ወደማይናጠው የጀልባዋ መካከል ተጠግታችሁ ዓይናችሁን ከአድማሱ አትንቀሉ። ስልክ ላይ ያቀረቀረ ሰው ግን ቁርሱን ለዓሣ መመለሱ አይቀርም።

ወዳጄ አኩርፎ ሂሳቡን ለእኔ ትቶልኝ ሄደ፤ ማታ ደውሎ ግን የሸራው ሜትር ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ።