ቶዮታ 86 ላይ ሱፐርቻርጀር ለመግጠም

እዚህ አሜሪካ ከ2013 እስከ 2020 ሞዴል ያለውን የመጀመሪያውን ትውልድ ቶዮታ 86 (እስከ 2016 ሞዴል እዚህ ሳይዮን ኤፍአር-ኤስ ይባል ነበር) ወይም ወንድሙን ሱባሩ ቢአርዜድ የሚነዳ ሰው ጉልበት መጨመር ያምረዋል። መኪናው ሲታጠፍ ደስ ይላል። ግን ባለ 2 ሊትሩ ሞተር 200 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ነው ያለው፤ በደቂቃ 4,000 ዙር አካባቢ ደግሞ ድክም ይላል። ሱፐርቻርጀር በሞተሩ እየዞረ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ በማስገባት ጉልበት የሚጨምር መሣሪያ ነው።

መጀመሪያ ይህን እወቁ። የዚህ ሞተር ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የገባው አየርና ነዳጅ የሚጨመቅበት መጠን) 12.5 ለ 1 ነው። ከፋብሪካ ቱርቦ ይዘው የሚወጡት አብዛኞቹ 10 አካባቢ ናቸው። ስለዚህ አየር ጨምቃችሁ ስታስገቡ ቤንዚኑ ያለ ጊዜው ይቀጣጠልና ሞተሩ ያንኳኳል፣ ማንኳኳቱ ከቀጠለ ፒስተን ወይም ቢኤላ (የፒስተኑ ዘንግ) ይሄዳል። ገንዘባችሁን ከግፊቱ በፊት ለቱኒንጉ (የሞተሩን ኮምፒውተር ለአዲሱ ግፊት ማስተካከል) መድቡ የምለው ለዚህ ነው።

ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ሞተሩን አስመርምሩ። የአራቱም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ይለካ፣ ሊክዳውንም (ሲሊንደሩ አየር ያፈስስ እንደሆነ የሚለካበት ምርመራ) ይሠራ። አንዱ ከሌሎቹ በግልጽ ካነሰ እዚያው አቁሙ። ዘይት የሚበላ ሞተር ላይ ሱፐርቻርጀር አይገጠምም፣ አለቀ።

ሁለት ዓይነት ምርጫ አለ። የኢተን ኩባንያ ቲቪኤስ ዓይነቱ ገና ነዳጅ ስትረግጡ ይገፋል፣ ለከተማ ይመቻል፣ ግን በዝቅተኛ ዙር ቢኤላውን የሚያስጨንቀውም እሱ ነው። የሮትሬክስ ኩባንያ ዓይነቱ (ሴንትሪፉጋል) ግፊቱ ከዙሩ ጋር እየጨመረ ስለሚሄድ ለሞተሩ ይራራል። ዕለት ተዕለት ለምትነዱት መኪና እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ግፊቱ ከ7 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) አካባቢ አይለፍ፤ ይህም ቢሆን ከ250 የፈረስ ጉልበት በላይ ይሰጣችኋል።

ገጠማው ራሱ ትዕግሥት ካላችሁ ያን ያህል አይከብድም። የባትሪውን ነጌቲቭ ንቀሉ፣ የፊት ባምፐሩን አውርዱ፣ ካንዴላዎቹን በአንድ ደረጃ ቀዝቃዛ በሆኑ ቀይሩ (ሞተሩ የተኛ ስለሆነ ካንዴላው ጋ መድረስ እጅ ያሰለቻል)። ፑሊዎቹ በአንድ መስመር መሆናቸውን በቀጥ ያለ ብረት አረጋግጡ፣ ትንሽ ከተዛነፉ ቺንጊያው ይበላል ወይም ይወጣል። ሮትሬክስ የራሱ ዘይት አለው፣ የሞተር ዘይት እንዳትጨምሩበት። የሞተር ዘይት ማቀዝቀዣም ጨምሩ።

ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት አዲሱ ቱን ኮምፒውተሩ ላይ ተጭኖ ይለቅ። በድሮው ቱን "እስቲ ትንሽ ልሞክረው" ማለት የለም። ካስነሳችሁ በኋላ አየር የሚያፈስ ቦታ ካለ ፈልጉ፣ ከዚያ ዋይድባንድ (የአየርና ነዳጁን ምጥጥን የሚያሳይ መለኪያ) እያያችሁ ቀስ ብላችሁ ንዱ። ሙሉ ነዳጅ ስትረግጡ ምጥጥኑ በቤንዚን 11.5 አካባቢ መሆን አለበት። ወደ 13 ከወጣ ወዲያውኑ እግራችሁን አንሱ። የቀረውን ዳይኖ (የመኪናውን ጉልበት የሚለካ ማሽን) ያለው፣ ይህን ሞተር የሚያውቅ ቱነር ይጨርሰው።

ነዳጁንም ልብ በሉ። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ፕሪሚየሙ 93 ኦክታን (ቤንዚኑ ማንኳኳትን የመቋቋም ደረጃ) ነው፣ ካሊፎርኒያ 91። ለ93 የተሠራ ቱን ይዛችሁ እዚያ ሄዳችሁ 91 ብትቀዱ ሞተሩን አደጋ ላይ ጣላችሁት። ካሊፎርኒያ የምትኖሩ ደግሞ ኪቱ ለመኪናችሁ ሞዴልና ዓመት የካርብ (የካሊፎርኒያ የአየር ጥራት መሥሪያ ቤት) የፈቃድ ቁጥር፣ ኢኦ የሚባለው፣ እንዳለው ሳታረጋግጡ አትግዙ፣ ያለሱ ስሞግ (የጭስ ምርመራ) አያልፍም።

ፍሪሲዮኑ አርጅቶ ከሆነ በዚያው ቀይሩት፣ ፍሬኑም ለአዲሱ ፍጥነት የሚበቃ ሸራና ጥሩ የፍሬን ዘይት ይኑረው። ኢንሹራንሳችሁንም አሳውቁ።